በጨለማ የለመለመ በቆሎ

የዘር ባለሙያውን አስከሬን ከመጋዘኑ ጎትተው ያወጡት አራት ሰዎች ነበሩ። በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከአራቱ አንዱ ታስሯል፤ አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዱ በስልክ ይጮኻል፤ አራተኛው ደግሞ ግቢው ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ እጁን በሳሙና ያሻል።

«ከትናንት ጀምሮ ስድስተኛ ጊዜው ነው» አላት ሳጅኑ፣ ጃንጥላውን ወደ እሷ እያዘነበለ። «ሳሙናው ያልቃል እንጂ እሱ የሚያቆም አይመስለኝም።»

«ማነው?»

«ጭሱ ይሉታል። እህል እንዳይነቅዝ መድኃኒት የሚያጥነው ባለሙያ ነው። ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እሱ።»

«የታሰረውስ?»

«ዘበኛው። ነገሩ እኮ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር። እርስዎን ያለ ሥራ ነው ያንከራተቱት።»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ከሚታጠቡት እጆች አላነሣችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የሰው ዓይን በቀጥታ ማየት የማትወድ ሴት ናት፤ ዓይኗ የሚያርፈው እጅ ላይ፣ ጫማ ላይ፣ የበር እጀታ ላይ ነው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። ሁሉን ዝም ብላ ታንገዋልላለች፤ በመጨረሻ ግርዱ እጇ ላይ ይቀራል።

ግቢው የአካባቢው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። በግራ ቢሮዎቹ፣ መሐል ላይ የስብሰባ አዳራሹ፣ በቀኝ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም መጋዘን። መጋዘኑ ውስጥ በአራት ክምር የተደረደረ ምርጥ የበቆሎ ዘር አለ፤ መንግሥት ገዝቶ ለአነስተኛ ገበሬዎች በድጎማ የሚያከፋፍለው። ክፍፍሉ ነገ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ስልክ ሲያናግር የነበረው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ክራቫቱን እያላላ መጣ።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር። ልብ የሚሰብር አደጋ። ግን ነገ ስድስት መቶ ገበሬ እዚህ በር ላይ ይሰለፋል። ዝናቡ ገብቷል፤ መሬቱ ታርሶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሳምንት ከዘገየን ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። እኔ ለበላይ 'ዘንድሮ የሚራብ ቤት የለም' ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ዘሩ ተመርምሯል?»

«ዘጠና አራት! ከመቶ ፍሬ ዘጠና አራቱ በቅሏል። ትሪዎቹ ከቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው።»

«የቆጠረው ሟቹ ነው?»

«እሱማ… ቅጹን ሳይሞላ ሞተ። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ቆጠርኩት። ልዩነት አለው?»

«ገና አላውቅም» አለች፣ ጫማውን እያየች።

ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ ሳጅኑ ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። መጋዘኑ በዓመት አንድ ጊዜ ይታጠናል። ጭሱ የመድኃኒት ክኒን በክምሮቹ መሐል አስቀምጦ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ አሽጎ፣ ለሰባት ቀን ይዘጋዋል። ክኒኑ አየር ሲነካው ገዳይ ጋዝ ይሆናል። በሩ ላይ ሁለት ገጽ ያለው ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ቀዩ ገጽ «አትግባ» ነው፣ አረንጓዴው «ተናፍሷል» ነው።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ጭሱ ሊያናፍስ ሲመጣ፣ ሰሌዳው ቀይ ነው፣ ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ቀለበቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰውየው ደፉ ሥር ወድቋል። ሟቹን 'ቆጣሪው' ነበር የሚሉት፤ ቀኑን ሙሉ ከአንድ እስከ መቶ ፍሬ ሲቆጥር ስለሚውል። እንደ መብራት ቆጣሪ ነው፣ ማታም አያርፍም እያሉ ይቀልዱበት ነበር።» ሳጅኑ ፈገግታውን መልሶ ዋጠ። «ኪሱ ውስጥ የዘበኛው ቁልፍ ተገኘ። ቀይ ሰሌዳ እያለ ቁልፍ የሰጠ ዘበኛ፣ ሰው ገደለ ማለት አይደል?»

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንሶላውን ከእጆቹ ላይ ብቻ ገለጠች። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ የቀለም ፍርፋሪ ገብቷል።

«ምን ይዞ ነበር?»

ሳጅኑ ከረጢት ዘረገፈላት። ቁልፍ፣ እርሳስ፣ ክምር ውስጥ ተወግቶ ናሙና የሚያወጣ ሾጣጣ ብረት፣ ጫፉ የተቆለመመ። «ይሄ ደግሞ መሐረቡ ነው። ላብ አርሶታል።»

መሐረብ አልነበረም። የተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ነበር፤ የተገኘውም በደረት ኪሱ ውስጥ፣ ከሸሚዙ ሥር። ኢንስፔክተሯ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ ፈታችው። መቶ የበቆሎ ፍሬ፣ አሥር በአሥር ተደርድሮ፣ የእያንዳንዱ ፍሬ እምብርት፣ ቡቃያው የሚወጣበት ጎን፣ ወደ ላይ። ጨርቁ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ክምር 4» ተብሎ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ተጽፏል።

ጨርቁን ታውቀዋለች። እናቷ ገበሬ ነበረች፤ በመዝሪያ ሰሞን ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ወገቧ ላይ ትሸጉጥ ነበር። «ዘርና ሕፃን ገላ ይሞቀዋል» ትል ነበር። አንድ ዓመት ጥቅሉ ሲፈታ አራት ፍሬ ብቻ በቅሎ ተገኘ። የዚያን ዓመት ክረምት ኢንስፔክተሯ አትረሳውም።

ቆጠረች። የበቀለው ሠላሳ አንድ ነው።

«ሳጅን፣ ኃላፊው ስንት ነው ያሉት?»

«ዘጠና አራት።»

«ነገ ያ ዘር ከተዘራ፣ አንዱ ቁጥር ውሸት ሆኖ ቢገኝ መልሰን የምንለቅመው አይደለም።»

የመጋዘኑ በር ከትናንት ጀምሮ ተከፍቶ አድሯል፤ ጋዙ ወጥቷል። ያም ሆኖ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። የበሩ የውስጥ ገጽ ሰማያዊ ነው። ከእጀታው አጠገብ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ተቦርቡሯል፤ ጠርዙ ላይ የሾጣጣ ብረት ምልክት አለ፤ አንድ ሰው በሩን ለመፈልቀቅ ታግሏል።

ጭሱ እጁን በሱሪው እያደረቀ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዓይኑ የቀላ ወጣት ነው።

«ሰባቱ ቀን መቼ አለቀ?» አለችው።

«ማክሰኞ። ማክሰኞ ልከፍተው ነበር፤ ኃላፊው ሌላ ከተማ ላይ ሌላ መጋዘን እጠን ብለው ላኩኝ። የተመለስኩት ትናንት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፣ በሕዝብ መኪና። ትኬቱ ይኸው።»

«ማክሰኞ እንዳልከፈትክ ማን ያውቃል?»

«ኃላፊው ያውቃሉ። የመጋዘን ሹሟም ታውቃለች፣ ነግሬያት ነው የሄድኩት። ቆጣሪው አያውቅም፤ ማክሰኞ መስክ ነበር።» እጁን ዳግመኛ በሱሪው ጠረገ። «እሱ እኮ ነው ጭንብል አጠላለቅ ያስተማረኝ። 'ጭሱ፣ ጀግና ትንፋሹን ይቆጥባል' ይለኝ ነበር። ቀይ ሰሌዳ እያየ ያለ ጭንብል ይገባል? አይገባም! ጭንብሉ ቢሮው ውስጥ ሚስማር ላይ ነው፤ ይሂዱና ይዩ።»

ሰሌዳውን ከሚስማሩ አውርዳ ገለበጠችው። ቀዩ ገጽ በጭቃ ፍንጣቂ ተዝጎርጉሯል። አረንጓዴውም እንዲሁ።

«ቀለሙ አዲስ ነው።»

«ከማጠኔ በፊት ቀባሁት። ቀዩን ወደ ውጭ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

«ዘሩን ስትደረድሩ ያስተዋልከው ነገር ነበር?»

ጭሱ ወደ ቢሮዎቹ ሰረቅ አድርጎ አየ። «የመጨረሻው መኪና ዝናብ ላይ ነው የመጣው። የክምር አራት ከረጢት እጄ ላይ ተጣበቀ። 'ይሄ እርጥብ ነው፣ ተዘግቶ ከዋለ ይሞቃል፣ ይሞታል' አልኩ። 'መዝገቡ ደረቅ ነው ይላል' ተባልኩ። እኔ መድኃኒት ነው የማስቀምጥ፤ ከመዝገብ ጋር ምን አጣላኝ?»

የሟቹ ቢሮ ጠባብና ንጹሕ ናት። ጭንብሉ በእርግጥም ሚስማሩ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑ ከእንጨት የተሠራ፣ ቀዳዳው ሁሉ በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ፤ በሩ ላይ በሟቹ እጅ «ብርሃን አይግባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከፈተችው። አራት ትሪ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ያማረ የበቆሎ ቡቃያ። ወረቀቱ «ክምር 4» ይላል።

ሳጅኑ ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አሰገገ። «እንዲህ የለመለመ! እውነትም ዘጠና አራት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ቆየች። ቡቃያዎቹ አረንጓዴ ናቸው። ሁሉም ጎንበስ ብለዋል፣ እንደሚሰግዱ ሰዎች፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። አንዱን ነቅላ አየችው፤ እምብርቱ ወደ ጎን ነበር። ሁለተኛውን ነቀለች፤ ወደ ታች። ሦስተኛው ተንጋዶ ተኝቷል።

ቁም ሣጥኑን ዘጋችው።

ዘበኛው በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ሊነሣ ሞከረ።

«ይቀመጡ አባባ። ቁልፉን ለምን ሰጡት?»

«ስለጠየቀኝ ነዋ ልጄ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጣ። 'ቀይ ሰሌዳ አለ እኮ' አልኩት። 'ተገልብጧል አባባ፣ አረንጓዴ ሆኗል፣ አይቼ ነው የመጣሁት' አለኝ። ቆጣሪው አንድ ፍሬ የማይዋሽ ሰው ነው።»

«ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ዘንድ ሄደዋል?»

«የት ልሂድ! ዶፉ ወረደ። ስም ለመመዝገብ የመጡ ሃምሳ ገበሬዎች ዘበኛ ቤቷ ውስጥና ጣሪያዋ ሥር ተጠጋግተው ቆመው ነበር፤ አሥር ሰዓት እስኪሆን ስማቸውን ስጽፍ ዋልኩ። ይመስክሩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እኮ ተመዝግቤያለሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። ቁራሽ መሬት አለችኝ። አርሼያታለሁ። አምና ምንም አልሰጠችኝም። ነገ ዘሬን ካልተቀበልኩ፣ ታስሬ ማን ይዘራልኛል? ባለቤቴ ወገቧን ታማለች።»

«የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ ሚስማሬ ላይ ይውላል፤ አንዱ ከእታለም ጋር ነው።»

እታለም የሚሏት የመጋዘኑን ሹም ነው። ግቢው ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ በዚህ ስም ነው የሚጠራት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሹራቧ የተስተካከለ፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ ሴት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርታለች። ለኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ፣ አቧራውን በእጇ ጠረገችላት።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለች። «ምሳውን እንኳ ሳይበላ ሲቀር እኔ ነኝ የምቆጣው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ እታለም?»

«ስብሰባ። ሁላችንም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የተቀባዮቹን ዝርዝር ላመጣ አንዴ ወጥቻለሁ፤ ኃላፊውም ስልክ ሊያናግሩ ወጥተዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተናጋሪው እንኳ አልተሰማ።»

ኢንስፔክተሯ ክፍሉን አየች። ወደ ግቢው የሚያይ ሰፊ መስኮት፣ ከሥሩ ክንድ የሚሞላ የሲሚንቶ ደፍ። ደፉ ባዶ ነው። አምስት የአበባ ማሰሮዎች ወለሉ ላይ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ጨለማው ውስጥ ተደርድረዋል።

«አበቦችዎ ለምን እዚያ ተደበቁ?»

«ፀሐዩ አቃጠለብኝ። ሰሞኑን ነው ያወረድኳቸው።»

መደርደሪያው ላይ የዘር እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ነበር። ኢንስፔክተሯ አንሥታ ቁልፉን ተጫነችው። ምንም አልበራም። የኋላ ክዳኑን ስትከፍተው የባትሪው ቤት ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበት ነበር። አጠገቡ ያለው መዝገብ ግን ከቀን ወደ ቀን፣ በቆንጆ እጅ ጽሕፈት ተሞልቷል። ክምር አራት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት። ደረቅ።

«እጅ ጽሕፈትዎ ያምራል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ መዝገቡን ወደ ቦታው መልሳ።

ከበሩ እንደወጡ ሳጅኑ ሰዓቱን አየ። «ኃላፊው ሦስት ጊዜ ደወሉ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል እያሉ ነው።»

«አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ይከፈት። ዘበኛውን ይዘህልኝ ና።»

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። ገበሬዎቹ ባዶ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከአጥሩ ውጭ ተሰልፈዋል፤ ሰልፉ መንገዱን ታጥፎ አይታይም። አዳራሹ ውስጥ ኃላፊው ፊት ወንበር ላይ እግሩን ያንቀጠቅጣል። ጭሱ ግድግዳ ተደግፏል። እታለም እስክሪብቶዋን ይዛ ቃለ ጉባኤ ልትጽፍ እንደተዘጋጀች ናት። ዘበኛው እጁ በካቴና ታስሮ ከሳጅኑ ጎን ተቀምጧል።

ጠረጴዛው ላይ ጥቅል ጨርቁ፣ አንድ ትሪ ቡቃያ፣ ሰሌዳው፣ ቁልፉና መለኪያው ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ የምትናገረው ለሰዎቹ ሳይሆን ለጠረጴዛው ይመስል ነበር።

«ይቅርታ፣ ብዙ ሰው ፊት ማውራት አልችልበትም። በሰሌዳው ልጀምር። ቀዩ ገጽ ሰባት ቀን ወደ ውጭ ስለዋለ ጭቃ ተረጭቶበታል። አረንጓዴው ገጽ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ መዋል ነበረበት፤ ንጹሕ መሆን ነበረበት። እሱም ጭቃ አለበት። ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ አረንጓዴው ወደ ውጭ ነበር። አባባ እውነቱን ነው የተናገሩት፤ ቆጣሪው ተናፍሷል ተብሎ ነው የገባው። ጭንብሉን ያልወሰደው ለዚህ ነው።»

«እንዲያስ ከሆነ ሽታው ሲመታው ለምን አልወጣም?» አለ ኃላፊው።

«ሊወጣ ሞክሯል። የጣቱ አንጓ ተልጧል፣ የበሩ ቀለም ጥፍሩ ሥር ገብቷል፣ ብረቱ በሩን ሊፈለቅቅ ሲል ተቆልምሟል። ገርበብ ያለ በር ማንም አይደበድብም። በሩ ከውጭ ተቆልፎበታል።»

ጭሱ «እግዚኦ!» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ቀለበቱ ላይ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ማንም ይችላል። ለመክፈት ግን ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አደጋ እንዲመስል ሲባል ደግሞ ተከፍቷል። የዘበኛው ቁልፍ» ከጠረጴዛው አነሣችው «ያኔ የት ነበር ሳጅን?»

«ሟቹ ኪስ…» ሳጅኑ አፉን እንደከፈተ ቀረ። «ውስጥ።»

«ከተቆለፈው በር በስተ ውስጥ። አባባን ያሳሰራቸው ቁልፍ ነው የሚፈታቸው።»

ዘበኛው የታሰሩ እጆቹን አየ፤ ከዚያ ሳጅኑን አየ። ሳጅኑ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ። «ቆዩኝ አባባ፣ የካቴናው ቁልፍ… እዚህ ነበር እኮ…»

«አይዞህ ልጄ፣ ቁልፍ እንደሁ ሰሞኑን ሁላችንም ጠፍቶብናል» አለ ሽማግሌው።

ማንም አልሳቀም። የእታለም እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

«የቀረኝ፣ ለምን የሚለው ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህ ብረት ናሙና መውሰጃ ነው። ዘጠና አራት ፍሬ የበቀለለት ሰው ለምን እንደገና ናሙና ሊወስድ ይሄዳል? ትሪውን ስላላመነው ነው። ቆጣሪው እንደ ጥንት ገበሬ፣ ከትሪው ሌላ መቶ ፍሬ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይይዝ ነበር። ይኸው። ከመቶ ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ?» ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ።

«ረቡዕ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ሲከፍት ይህን አየ። አረንጓዴ ቡቃያ። በቆሎ ጨለማ ውስጥ ሲበቅል ነጭ ነው የሚሆነው፤ ብርሃን ያላየ አረንጓዴ አይሆንም። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ጎንብሷል፤ በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን በሚገባበት ቦታ፣ መስኮት ላይ አድጓል። አደራደሩም የቆጣሪው አይደለም፤ እሱ እምብርቱን ሳያቀና ፍሬ አያስቀምጥም። እነዚህ ትሪዎች ሌላ ቦታ፣ ከጥሩ ዘር በቅለው፣ በእሱ ትሪዎች ምትክ ገብተዋል። አራት ትሪ ጎን ለጎን የሚይዝ መስኮት የማነው? የጭሱ ክፍል መስኮት የለውም። የዘበኛ ቤቷ መስኮት መዳፍ ታህላለች። የኃላፊው መስኮት እስከ ላይ በፋይል ተሞልቷል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የሰው ዓይን አየች።

«እታለም፣ ዝናብ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። ደመናው አንድ ቀን አልተገለጠም። አበቦችዎን ያቃጠለው የትኛው ፀሐይ ነው?»

ከአጥሩ ውጭ አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

«ትናንት ከቢሮዎ ሲወጡ የመስኮቱን ደፍ በእጄ ዳሰስኩት» አለች ኢንስፔክተሯ። «አራት የትሪ ቅርጽ፣ ከነአሸዋው። ሁለተኛው ቁልፍም ከእርስዎ ጋር ነው።»

እታለም የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጥማ አስቀመጠችው።

«መለኪያው ከሞተ ወር አልፎታል» አለች፣ በሚያስደነግጥ እርጋታ። «ይጠገን ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ጌታዬ፣ ያስታውሳሉ?» ኃላፊው አቀረቀረ። «ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገቤ አንድ ባዶ መስመር ትቼ አላውቅም። ባዶ ከሚሆን ብዬ በግምት ሞላሁት። ከዚያ ያ መኪና ዝናብ ጠጥቶ መጣ። እንደለመድኩት ጻፍኩት። ቆጣሪው ትሪው ላይ ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ እየበቀለ ነው ሲለኝ፣ ለዓርብ ውጤት ሊጽፍ ነው፣ በጡረታዬ ዋዜማ እስር ቤት ልገባ ነው ብዬ ፈራሁ። ከመታሸጉ በፊት ከክምር አንድ ተወስዶ ቢሮዬ ከቀረው ናሙና አበቀልኩ። ልቀይረው ብቻ ነበር ሐሳቤ። በልጆቼ እምላለሁ፣ ልቀይረው ብቻ ነበር።»

«ጨርቁን አላወቁም።»

«ረቡዕ ጠዋት መጣ። 'እታለም፣ ትሪዬን ሰው ነክቶታል፤ ለማንም ሳልናገር እንደገና ናሙና ልውሰድ' አለኝ። ከሁሉ ሰው መርጦ ለእኔ ነገረኝ።» እስክሪብቶዋን ገፋ አደረገችው። «'ከሰዓት ተናፍሶ ይከፈታል፣ ሰሌዳውን እይ' አልኩት።»

«ሲያንኳኳ ሰምተዋል?»

«ዝናቡ…»

«ሰምተዋል እታለም?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጥቅል ጨርቅ መለሰች።

«ስሜን ይጠራ ነበር» አለች። «የቆለፍኩት እኔ መሆኔን አላወቀም። 'እታለም፣ ድረሽልኝ፣ ክፈችልኝ' ነው ያለው። ከዚያ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። ስብሰባው ሲበተን ጓጉንቸሩን ከፍቼ ሰሌዳውን ወደ ቀይ መለስኩት።»

ሳጅኑ በመጨረሻ የካቴናውን ቁልፍ ከካልሲው ውስጥ አገኘው። ከዘበኛው እጅ ፈትቶ ለእሷ ወሰደው። እሷ እጇን ከመስጠቷ በፊት ሹራቧን አስተካከለች።

ኃላፊው አዳራሹ መሐል ብቻውን ቀረ። «ስድስት መቶ ሰው ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ምን ልበላቸው?»

«ያለውን» አለች ኢንስፔክተሯ። «ክምር አራት የሞተ ነው። ሦስቱ ከዝናቡ በፊት ገብተዋል። ክምር አንድ ደህና ለመሆኑ እታለም ራሷ ዘጠና አራት ምስክር አብቅላለች።»

ኃላፊው ወደ አጥሩ ሄዶ ነገራቸው። ገበሬዎቹ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ከፊት የቆሙ አንዲት እናት «ሦስቱ ክምር ለስንት ሰው ይበቃል?» አሉ።

«ለአራት መቶ ሃምሳ።»

«እንግዲያ ለስድስት መቶ ይካፈል» አሉ፣ ጆንያቸውን ከትከሻቸው አውርደው።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሟቹ ቢሮ ተመለሰች። መሳቢያው ውስጥ ያልተሞላው ቅጽ ነበር። «ክምር 4» ከሚለው ጎን በእርሳሱ «31» ብላ ጻፈች። «መርማሪው» ከሚለው በላይ ያለውን መስመር ባዶ ተወችው።

ስትወጣ ዘበኛው ተራው ደርሶ ድርሻውን ተቀብሎ፣ ዘበኛ ቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ከመሐረቡ ላይ ሰፊ ቁራጭ ቀድዶ ኩሬው ውስጥ ነክሯል። ከጆንያው አንድ አንድ ፍሬ እያወጣ፣ እምብርቱን ወደ ላይ እያቀና ይደረድራል።

«አባባ፣ ዝናቡ ሳያልፍ አይዘሩም እንዴ?» አለው ኃላፊው በጎኑ ሲያልፍ።

«እዘራለሁ። ዛሬውኑ» አለ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይል። «ይሄን ደግሞ ደረቴ ላይ ይዤው እውላለሁ። አታቋርጠኝ ልጄ፣ አርባ ሦስት ላይ ነኝ።»

ከኋላው፣ ጆንያቸውን ይዘው ከሰልፉ የወጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ቆመው አዩት። ከዚያ እናትየዋ የነጠላቸውን ጠርዝ ቀደዱና አጠገቡ ተቀመጡ።

«አንድ» አሉ።